ቁም ሣጥኗ ከመከፋፈሉ በፊት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በመታሰቢያ ዓምዳችሁ በሞት ስለተለዩ ሴቶች የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት እናነባለን። በብዙዎቹ ውስጥ «ዘናጭ ነበረች፣ ጨዋታ አዋቂ ነበረች፣ ያያት ሁሉ ይወዳት ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ ወደ ትምህርቷ፣ ወደ ሥራዋና ወደ ልጆቿ ቁጥር ያልፋል። ምን ቀለም ትመርጥ እንደነበር፣ ሻርፗን እንዴት ታስር እንደነበር፣ ሳቋ ምን ይመስል እንደነበር ሳናውቅ እንጨርሳለን። እኛ የቆዩ አልባሳትና ፎቶግራፎች እንዳይበላሹ የመጠበቅ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ጸሐፊዎቹ ይህን የሚዘሉት ፍቅር አጥሯቸው አይመስለንም። ለመጻፍ ሲቀመጡ ማስረጃው ከእጃቸው ወጥቷል፤ ቀሚሶቹ ታጥበው ተከፋፍለዋል፣ ስልኩም ተደምስሶ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ቢደረግ እንደሚሻል ለአንባቢዎቻችሁ መንገር እንፈልጋለን። ሥራው ሐዘኑ ለከበደበት ሰው አይሆንም፤ የልብ ጓደኛ ወይም ራቅ ያለ ዘመድ ቢይዘው ይቀላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቁም ሣጥኑ ሳይነካ ፎቶ ይነሣ። አዘውትራ የምትለብሰው እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው፣ ለትልቅ ቀን ያስቀመጠችው ከኋላ ነው፤ አንዴ ከተዘበራረቀ ይህን መልሶ ማወቅ አይቻልም። ኪሶች ይፈተሹ። እስኪመዘገብ ድረስ ግን ምንም አይታጠብ፣ ምንም አይተኮስ። የካውያ ሙቀት እድፍን ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ማስለቀቅ እጅግ ይከብዳል።

ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም፣ ደግሞም አያስፈልግም። በእኛ አስተያየት አምስት ወይም ስድስት ዕቃ ይበቃል፦ ደጋግማ የለበሰችው አንድ፣ ልብስ ሰፊ በልኳ የሠራላት አንድ፣ ራሷ ያስተካከለችው አንድ፣ ከዚያ ሻርፕና ጫማ። ውዱ ቀሚስ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ ስለሆነ ስለ እሷ የሚነግረን ጥቂት ነው። የቀረው ለዘመድ ወዳጅ ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ ልብስ ከፊት፣ ከኋላና ተገልብጦ፣ ገበሩና የአምራቹ ምልክት እየታየ፣ በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ ፎቶ ይነሣ። የትከሻው፣ የደረቱ፣ የወገቡና የርዝመቱ ልክ በሜትር ተወስዶ ከፎቶው ጋር ይጻፍ።

መገልበጡን የምናጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በስፌቱ ዳር አሮጌ የመርፌ ቀዳዳ መስመር ከታየ ቀሚሱ ጠቦ ወይም ሰፍቶ ያውቃል። ከታችኛው ጠርዝ ከፍ ብሎ የደበዘዘ አግድም መስመር ካለ ርዝመቱ ተለውጧል፤ ፋሽኑ ሲለወጥ ቀሚሱን አልጣለችውም፣ አብራ አስረዘመችው። በአንድ ጎን ዳሌ ላይ ብቻ የሳሳ ጨርቅ ቦርሳዋ በየትኛው ትከሻ ይንጠለጠል እንደነበር ይጠቁማል። ቁልፎቹ ከሌላው ስፌት በተለየ ክር ከተተከሉ፣ መጀመሪያ የነበሩትን ሳትወዳቸው ቀርታ ይሆናል። የዘናጭ ሴት ዕውቀት በአብዛኛው የሚገኘው ከልብሱ ውስጠኛ ክፍል ነው፤ ስለ እሷ የሚጽፍ ሰው ከዚያ ሁለት ነገር ቢያነሣ «አለባበስ ታውቅበት ነበር» ከሚለው አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ከተመዘገበ በኋላ ጽዳት ይመጣል። አቧራ በቫኪዩም ማጽጃ ዝቅተኛ ኃይል፣ አፉ ላይ ስስ መረብ ጨርቅ ታስሮ ይነሣል። የጥጥ ልብስ ከመታጠቡ በፊት ቀለሙ እንደማይለቅ ይረጋገጥ፦ ነጭ ጨርቅ አርጥቦ በተደበቀ ስፌት ላይ ጥቂት ደቂቃ መጫን ነው፤ ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ልብሱን ውኃ አይንካው። ሐር፣ ከፋይና ዶቃ ያለበት ልብስ ለባለሙያ ይተው። በረኪና ሐርንና ሱፍን ቃጫውን ራሱን ስለሚያሟሟው ፈጽሞ አይቀርባቸውም። እጅግ የቆየና ብልጭልጭ የተሰፋበት ልብስ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከተሠሩት ብልጭልጮች ብዙዎቹ ጄላቲን ናቸው፣ በውኃና በሙቀት ይቀልጣሉ። ሌላው የሚያታልለው የለስላሳ መጠጥና የነጭ ወይን ጠብታ ነው። ሲደርቅ አይታይም፤ ስኳሩ ግን ከወራትና ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ንጹሕ የሚመስል ጥጥም ከመቀመጡ በፊት ይታጠብ፣ ስታርች ግን አይደረግበት፤ ስታርች ነፍሳት ይጠራል።

ለማስቀመጥ ልብሱ በጥቂቱ ብቻ የሚታጠፍበት ሰፊ ሣጥን ያስፈልጋል። በየእጥፋቱ ውስጥ አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ይገባል፣ የሾለ እጥፋት ክሩን በዚያው መስመር ስለሚሰብረው። ወረቀቱ ካልተገኘ ታጥቦ ስታርቹ የለቀቀ ነጭ አቡጀዴ ይበቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍቶ በሌላ ቦታ ይታጠፍ። ዶቃ የበዛበት ልብስና ሹራብ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይለጠጣልና ተዘርግቶ ይቀመጣል። የሽቦ መስቀያ ይዝጋል፣ ትከሻውንም ያበላሻል፤ መስቀል ግድ ከሆነ የእንጨት መስቀያ በጥጥና በአቡጀዴ እስከ ትከሻው ስፋት ይሸፈን። ከላውንደሪ የመጣበት ላስቲክ ወዲያው ይውጣ፣ እርጥበት አፍኖ ይይዛል።

ናፍታሌን አንመክርም። ትነቱ ለጤና ጥሩ አይደለም፣ አንዳንድ የፕላስቲክ ቁልፎችን ያለሰልሳል፣ ሽታውም ለዓመታት አይለቅም። ልብስ የሚበላው የብሉ እጭ ሲሆን የሚፈልገው ሱፍ፣ ሐር፣ ፀጉርና ላባ ነው፤ በተለይ ላብ የነካው ብብትና ኮሌታ ላይ ይጀምራል። ከጠረጠራችሁ የሱፉን ልብስ በላስቲክ አሽጋችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ለ2 ሳምንት አቆዩት። ሲወጣ ለ24 ሰዓት ላስቲኩ ሳይከፈት ይቆይ፤ ቶሎ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ጤዛ ይሆናል። የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ 65ን ካለፈ ሻጋታ ይመጣል። ብርሃን የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ እየተደመረ ይሄዳል፣ የደበዘዘ ቀለምም አይመለስም። ቀሚሷን ግድግዳ ላይ ማሳየት የሚፈልግ ቤተሰብ ለጥቂት ሳምንታት፣ ከመስኮት ርቆ ያድርገው።

ጫማና ቦርሳ ከልብስ ይለዩ። ፖሊዩሬቴን የተባለው ሰው ሠራሽ የጫማ ሶል ባይደረግም እንኳ በእርጥበት ብዛት ይፈረፈራል፣ ሰው ሠራሽ ቆዳም ተጣብቆ አጠገቡ ያለውን ያበላሻል።

ብዙዎች የሚጠይቁት ስለ ጠረኗ ነው። ሽቶዋ የቀረበት አንድ ሻርፕ ሳይታጠብ፣ ፍጹም ደረቅ ሆኖ፣ በሚገባ በሚዘጋ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በጨለማ ቢቀመጥ ጠረኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በተከፈተ ቁጥር ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ይጠፋል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል። የሽቶው ስም ግን ይጻፍ።

ወደ ፎቶግራፍ እንምጣ፣ እዚህ ላይ ለእናንተም ወቀሳ አለን። በዓምዱ የሚወጣው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከአንገት በታች ተቆርጧል። በአለባበሷ የምትታወቅ ሴት ከተቆረጠች አቋሟ፣ የእጇ አያያዝ፣ ቀሚሱ ሁሉ ይቀራል። ቤተሰብም ፎቶውን በመልእክት መተግበሪያ ሲልክ መጠኑ ይጨመቃል፤ በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ለማተም ቢያንስ 1,200 ፒክስል ያስፈልጋል። የታተመ ፎቶ በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይነሣ። ተለጣፊ ገጽ ባለው አልበም ውስጥ ያሉት ሙጫው ስለሚያበላሻቸው ሳይዘገይ ቢወጡ ይሻላል፤ ሰም የሌለው የጥርስ ክር ከሥራቸው ቀስ ተብሎ ይጎተት፣ እምቢ ካለ እንደተለጠፈ ስካን ይደረግ እንጂ አይላጥ። ከፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ዳር ላይ፣ ሳይጫኑ፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን አነሣው።

ከሁሉ ቶሎ የሚጠፋው ድምፅ ነው። ስልኳ ወደ ፋብሪካ ይዞታው አይመለስ፣ የስልክ ቁጥሯም የመግቢያ ኮዶች ስለሚመጡበት ለጥቂት ወራት አይዘጋ። የድምፅ መልእክቶቿ ያሉት በወዳጆቿ ስልክ ላይም ነው፤ እነሱን መለመን ይገባል። ጉግል 2 ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል፣ ፎቶዎቿ እዚያ ካሉ ከዚያ በፊት ይውረዱ። ካሴት ካለ ከመጫወቱ በፊት ሻጋታ እንደሌለው ይታይ፣ ክሩም እስከ ዳር በቀስታ ይጠንጠን። የሁሉም ነገር ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ቤት።

ወዳጆቿን ስትጠይቁም «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አትበሉ፤ የምታገኙት «ደግ ነበረች» የሚለውን ብቻ ነው። «ስትመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ምኗ ነበር? ምን ብላ ትቀልድ ነበር? የተሳሳተ ቀለም የለበሰ ሰው ስታይ ምን ትል ነበር?» በሉ። ፀጉር ሠሪዋንና ልብስ ሰፊዋን አትዝለሉ፣ ከዘመድ የማይሰማ ነገር ያውቃሉ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቀን የተለያየ ነገር ከተናገሩ ሁለቱም በየስማቸው ይጻፍላቸው።

ከእናንተ የምንጠይቀው ለመታሰቢያ ጽሑፍ አቅራቢዎች በምትሰጡት መመሪያ ላይ ሦስት ነገር እንዲጨመር ነው፦ በአዘቦት ቀን ምን ትለብስ እንደነበር፣ ከሩቅ በምን ትለይ እንደነበር፣ እና ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ አንድ ፎቶ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአልባሳትና የፎቶግራፍ ጥበቃ ባለሙያዎች