ፖስታው ላይ "1×2" ብቻ ተጽፎ አይበቃም፦ ግልጽ ደብዳቤ ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ በመንግሥት ሆስፒታሎች መድኃኒት ቤት የታተመ የአወሳሰድ መግለጫና የቀጠሮ መልዕክት እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ደም ግፊትና ስኳር ያለባት አክስት አለችኝ። መድኃኒቷን የማመጣላት እኔ ስለሆንኩ የመድኃኒት ቤቱን መስኮት በደንብ አውቀዋለሁ። ሰልፉ ከኋላ ይገፋል። ፋርማሲስቱ ኪኒን ይቆጥራል፣ ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ ጫር ጫር ያደርጋል፣ ቀጣዩን ይጠራል። እሱን መውቀስ አልችልም። ያን ሁሉ ሰው የሚያስተናግደው ብቻውን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቤት ስንገባ ነው። "1×2" ለባለሙያ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ማለት ነው። አክስቴ ግን ሁለቱን ሜትፎርሚን፣ የስኳሩን ኪኒን፣ ባንዴ ማታ ትውጥ ነበር። የግፊቱም ኪኒን ነጭ፣ የስኳሩም ነጭ። የፖስታው ጽሑፍ ሲደበዝዝ መለየቱ ጭንቅ ነው። ደህና የሆነች ሲመስላት ደግሞ የግፊቱን ታቆማለች። "ምንም አላመመኝም እኮ!" ነው መልሷ። ግፊት ሳያሳምም እንደሚጎዳ ረጋ ብሎ ያስረዳት ሰው የለም።

እሷ ብቻ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት የሚወስደው በአማካይ ከታካሚዎቹ 50 በመቶው ነው።

የፋርማሲ አውቶሜሽን፣ ማለትም የመድኃኒት ቤትን ሥራ በማሽን ማገዝ፣ ሲባል ቶሎ ሮቦት ይታየናል። እሱም አለ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ኤቲኤም የሚሠራ መድኃኒት ማደያ ተተክሏል። ታካሚው በቪዲዮ ከፋርማሲስት ጋር ያወራል፣ ማሽኑ መድኃኒቱን ያወጣለታል። የጠዋቱን ለብቻ፣ የማታውን ለብቻ አሽጎ ስምና ሰዓት የሚያትም ማሽንም አለ። እኔ ግን ያን አልጠይቅም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከቀላሉ እንጀምር።

አንድ ኮምፒውተርና ትንሽ የስቲከር ማተሚያ ይበቃል። ስቲከሩ በአማርኛና በሲዳምኛ የታካሚውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ "ጠዋት ከቁርስ ጋር አንድ፣ ማታ ከእራት ጋር አንድ" የሚል ይሁን። ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ ይሣልበት። አደራ፣ ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ይሁን። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር "8:00" ብሎ ካተመ አክስቴ የጠዋቱን መድኃኒት የምትውጠው ከሰዓት በኋላ ነው።

ያው ኮምፒውተር የ30 ቀን መድኃኒት የወሰደ ሰው መቼ እንደሚያልቅበት ያውቃል። ከማለቁ በፊት በስልክ መልዕክት ይላክለት፤ ካልመጣ ስሙ ለነርሷ ይድረሳት። ኬንያ ውስጥ ተሞክሮ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ለጀመሩ ሰዎች በየሳምንቱ "ማምቦ?" የሚል አጭር መልዕክት ይላክላቸው ነበር፤ "እንዴት ነህ?" እንደማለት ነው። ደህና የሆነው "ሳዋ"፣ ችግር ያለበት "ሺዳ" ብሎ ይመልሳል፤ ችግር ላለው ይደወልለታል። መልዕክቱ የደረሳቸው ካልደረሳቸው በተሻለ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ወስደዋል። እኛ ጋ ስልክ ቤተሰብ ይጋራዋልና መልዕክቱ የበሽታም የመድኃኒትም ስም አይጥራ። "ቀጠሮዎ ሐሙስ ነው" ካለ በቂ ነው።

ሌላ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። ሰውን በመልዕክት ጠርቶ "የለም፣ ከውጭ ግዙ" ማለት ከነጭራሹ ካለመጥራት ይብሳል። ለጤና መድን የከፈለ ሰው ምን ይሰማዋል? ግን የሚመጣው ወር ስንት ሰው ምን እንደሚፈልግ ከታወቀ፣ ሆስፒታሉ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጥያቄውን አስቀድሞ ማቅረብ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝ ግን የሚተርፈው ጊዜ ነው። ፋርማሲስቱ ከጽሕፈትና ከመዝገብ ማገላበጥ ሲያርፍ፣ ቀና ብሎ "እንዴት ነው የምትወስጂው? እስቲ ንገሪኝ" ማለት ይችላል። የሚጾመውም ሰው የጠዋቱን ኪኒን ከሰዓት በኋላ መዋጥ ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው ያገኛል።

የምጠይቃችሁ አንድ ሆስፒታል መርጣችሁ በግፊትና ስኳር ክትትል ክፍሉ ለ6 ወር እንድትሞክሩት ነው። ስንቱ በቀጠሮው ቀን እንደተመለሰ ከሙከራው በፊትና በኋላ ቆጥራችሁ ለሕዝብ ንገሩን። ፋርማሲስቶቹንም ከመጀመሪያው አማክሯቸው፤ ስቲከሩ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የሐዋሳ ነዋሪና የታካሚ ቤተሰብ