እሁድ ስለ ሌሊት ጩኸት እንነጋገራለን

ጤና ይስጥልን የብሎካችን ነዋሪዎች፣

በሌሊት ድምፅ ምክንያት በጎረቤቶች መካከል የተነሳውን ቅሬታ በንግግር ለመጨረስ እሁድ ከጠዋቱ 3፡30 ኮሙናሉ ውስጥ እንገናኛለን። ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ይምጣ። ተከራዮችም ትፈለጋላችሁ፤ ጩኸቱን የሚሰማው እዚህ የሚያድረው ነው።

የኮሚቴው ሐሳብ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሙዚቃና ቴሌቪዥን እንዲቀነስ፣ ድሪልና እድሳትም እንዲቆም ነው። ሰዓቱን ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሰርግና ለቅሶ ይለያል። ድግስ ያለው ሰው ቀደም ብሎ እዚህ ግሩፕ ላይ ያሳውቅ። ሙቀጫም ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍለት፤ ታች ላለው ሰው ጣሪያው የሚናድ ነው የሚመስለው።

ነገሩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ድምፅ፣ ጭስና መጥፎ ሽታን ይከለክላል። ቢሆንም ፖሊስ የመጨረሻው ይሁን። መጀመሪያ በር አንኳኩቶ መናገር፣ ካልሆነ ሁለት ሽማግሌ መላክ፣ ከዚያ ለኮሚቴው በጽሑፍ ማመልከት ይሻላል።

ቅሬታ ያላችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ኑ። ቪዲዮ ቀርጻችሁ ግን እዚህ አትልቀቁ። ያለፈው ጠብ የተባባሰው በዚያ ነው።

የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ የቤት ቁጥራችሁን ብቻ ጻፉ። የማይመቻችሁ ሐሳባችሁን ለጸሐፊው በውስጥ መስመር ላኩ።

የብሎኩ ኮሚቴ