እማዬ፣ ያቺን የሽንት ውጤት አይቻታለሁ

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ትይና ወደ ልጆቹ ወሬ ትወስጂኛለሽ። ለዚህ ነው መጻፌ። ሚሚ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

የውጤቱን ወረቀት በቴሌግራም ልካልኛለች። ኢንፌክሽን አለብሽ ከተባልሽ ወዲህ «ኩላሊቴ አለቀልኝ» እያልሽ ነው አሉ። ቆይ እንጂ! ልጅሽ 11 ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ሽንት ሲያይ ኖሮ ለአንቺ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ፐስ ሴል ከ8 እስከ 10 ይላል። መግል ያሉሽ እሱን ነው፤ ነጭ የደም ሴል ማለት ነው። ከሥሩ ግን ኤፒተልያል ሴል «ሜኒ»፣ ማለትም ብዙ፣ የሚል አለ። ይሄ ከቆዳ የሚረግፍ ነው። ሲበዛ ሽንቱ ውስጥ የውጭ ነገር ገብቷል ማለት ነው። እንግዲህ ነጩ ሴልም ባክቴሪያውም ከፊኛሽ ይምጣ ከውጭ በምን ይታወቃል? በዚያ ላይ ሽንቱን በሃይላንድ ይዘሽ የወጣሽው ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ተራ የደረሰሽ 4 ሰዓት ነው። ሽንት ከ2 ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጭ ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባል። እኔ ብሆን «ሌላ አምጪ» ብዬ እመልስሽ ነበር።

ስትሸኚ አያቃጥልሽም፣ ትኩሳትም የለሽም። በ71 ዓመት ደግሞ ሳያሳምም ፊኛ ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ምልክት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አይታከምም። ፋርማሲ የሰጡሽን ሲፕሮ፣ የባክቴሪያ መድኃኒቱን፣ አለመጀመርሽ ጎሽ የኔ እናት! ሐኪም ሳያይሽ እንዳትነኪው። አልፎ አልፎ ጅማት ይጎዳል፣ ከ60 ዓመት በላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እኔን ያሳሰበኝ ማንም ያላነሳው መስመር ነው። ፕሮቲን፣ ሁለት ፕላስ።

ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው። ፕሮቲን ደም ውስጥ መቅረት አለበት፤ ወንፊቱ ሲጎዳ ወደ ሽንት ያልፋል። ወንፊቱን ከሚጎዱት ዋነኞቹ ስኳርና ግፊት ናቸው፣ አንቺ ደግሞ ግፊቱን ስንት ዘመን ተሸክመሽዋል። ግን በአንድ ወረቀት አይፈረድም። አሁን ፍልሰታ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ አትቀምሺም። ሽንት ሲወፍር ስትሪፑ፣ ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ፣ ላይ ፕሮቲኑ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ይደገምልሽ። ያኔም ከታየ በደም ክሬያቲኒን ይሠራልሽ፤ ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ ነው። 3 ወርና ከዚያ በላይ ከዘለቀ ነው ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ወደሚለው የሚኬደው።

እስከዚያ ለጉልበትሽ የምትውጪውን ዳይክሎፌናክ ተዪልኝ። ያሽልሻል፣ አውቃለሁ፤ ግን ኩላሊት ይጎዳል። በሱ ፈንታ ምን እንደምትወስጂ ሐኪሙን ጠይቂው። የግፊቱን ኪኒን ግን አንድም ቀን አትዝለዪ።

ሚሚ፣ ይቺን በጆሮዋ ሹክ በያት፤ ወንድ ልጅ ለእናቱ እንዲህ አይጽፍም ነበር። መጀመሪያ በውሃ ትታጠብ። የመጀመሪያውን ሽንት ትልቀቀው፣ መሃሉን እዚያው ጤና ጣቢያ በሚሰጧት ንጹሕ ዕቃ ትቀበል፣ ወዲያው ታስረክብ። ኢንፌክሽን ነው ካሉ ካልቸር፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ፣ ይሠራላት ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ግን ይለያል።

እማዬ፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ፣ ጎንሽን ከወጋሽ፣ ደም ካየሽ ወይ ሽንት እምቢ ካለሽ ግን የኔን ስልክ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ።

ስለ ውሃው የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው፤ ለታመመ ሰው የሚሉትን አንቺም ታውቂዋለሽ። ማታ ማታ ውሃ የምትተዪው ግን ለጾሙ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ሌሊት በጭቃው ጓሮ ድረስ መውጣቱ ነው ያስመረረሽ። ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር ክዳን ያለው ፖፖ ልኬልሻለሁ። አልጋሽ ሥር ይቀመጥ። ለእንግዳ ብለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳትደብቂው ደግሞ!

ልጅሽ