ጓደኛዬን ላስታመማችሁልኝ የጅማ ሰዎች

ይህን ምስጋና የምጽፈው በኩላሊት ሕመም ባረፈው አብሮ አደጌ እናትና ባለቤት ስም ጭምር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡ እንዲያ ይሻላል ብሏል። የሰፈራችን የሄርማታ ሰው ግን ስለ ማን እንደማወራ ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ የጅማን በርጩማ ሲጠርብ የኖረው፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው እሱ ነው።

አፈር ፈጭተን፣ ውሃ ተራጭተን ነው ያደግነው። አዌቱ ወንዝ ዳር የጨርቅ ኳስ ተጫውተናል። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ዞረን ስንመለስ በየሰው አጥር ዘይቱን ለቅመናል። ቦዬ ድረስ ጉማሬ ለማየት ሄደን መሽቶብን ሁለታችንም ተገርፈናል። ፋሲካ ሲደርስ እናቴ ዶሮውን ከነነፍሱ ለእሱ ቤተሰብ ትልክ ነበር፤ እነሱ አርደው እንዲበሉ። አረፋ ሲሆን ደግሞ በግ ከነነፍሱ ወደኛ ቤት ይመጣል። እንዲህ ነው ያሳደጉን።

ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸውን የሰማን ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን። እጥበት ማለት በሳምንት እስከ 3 ቀን፣ በአንድ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መተኛት ነው። መርፌው እንዲገባለት ክንዱ ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን በቀዶ ሕክምና አገናኙለት። አንድ ቀን ጣቴን ይዞ ቦታውን አስነካኝ። ከቆዳው ሥር ደሙ ሲርገበገብ ንብ የሞላ ቀፎ ላይ እጅ እንደማሳረፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ራሱ እየዳሰሰ ያዳምጠዋል። «ይኼ እስካለ አለሁ» ይለኝ ነበር። ያ ክንድ ዋንዛ የሚፈልጥ ክንድ ነበር።

የእጥበት ክፍል ነርሶችና ሐኪሞች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በስሙ ጠርታችሁ ተቀበላችሁት። መርፌው አልገባ ሲል ታግሳችሁ፣ አባብላችሁ ሠራችሁለት።

የሰፈራችን የባጃጅ ልጆች፣ ውለታችሁን በምን እንደምንከፍል አናውቅም። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። በዚያ ዝናብ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆማችሁ ትጠብቁት ነበር። ሒሳብ ሲሰጣችሁ «ኧረ ተው!» ብላችሁ ትሄዳላችሁ።

እናቶቻችን ደግሞ! የኩላሊት ሕመምተኛ ጨው አይበዛበትም፣ አቮካዶና ሙዝ አይበዛበትም፣ ውሃ እንኳን በልክ ነው። ጅማ ላይ ሆኖ አቮካዶ ይቅርብህ ማለት ቀላል አይደለም። እናንተ ግን ድንቹን ቀቅላችሁ ውሃውን ደፍታችሁ፣ እንደገና በሌላ ውሃ እየቀቀላችሁ፣ ያለ ጨው ወጥ እየሠራችሁ አበላችሁት። ቡና ሲፈላም አልቀረም። ለሱ ሲኒው እስከ ግማሽ ይቀዳለታል፤ ከአቦል እስከ በረካ ይዞት ይጫወታል። ማንም «ለምን አትጠጣም?» ብሎት አያውቅም። ይህን ያህል አስባችሁለታል።

እህቱ ኩላሊቴን ልስጠው ብላ ተነስታ ነበር። ንቅለ ተከላ አገራችን ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሰው ድኗል፤ እኛም በዚያ ተስፋ ነበረን። ለምርመራ አዲስ አበባ ሲመላለስ ያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይከብደው ነበር። አንድ ጊዜ የግቤን ቁልቁለት ሲወርዱ ጓደኛዬን ቢያመው፣ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጥላ ፈልጎ አስተኛው። አንድ ሰው አላጉረመረመም። ሾፌሩንም ተሳፋሪዎቹንም ዳግም አላገኘናችሁም፤ ይህ መልእክት ከደረሳችሁ ባለቤቱ ሁሌም ትመርቃችኋለች። ከውጭ አገር ገንዘብ የላካችሁ አብሮ አደጎቻችንም እንዲሁ። ምርመራው ሳያልቅ ሞት ቀደመን።

በሙስሊም ደንብ ቀብሩ ያው በዕለቱ ነው። ጎህ ሲቀድ አረፈ፤ ለዙህር ሶላት መስጂዱ ሞልቶ ነበር። የክርስቲያኑ እድር ድንኳን ግን ከዚያ ቀድሞ በሩ ላይ ተተክሏል። ማን እንደላከው እስካሁን አላወቅንም። ንፍሮ ቀቅላችሁ የመጣችሁ፣ ዝናብ ላይ ቆማችሁ መቃብር የቆፈራችሁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሁላችሁንም አይተናል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጀናዛው ላይ «እሱ ላይ ገንዘብ ያለው ካለ ለቤተሰቡ ይናገር» ሲባል፣ ቀብድ ከፍለው በርጩማ ያዘዙ ሰዎች ነበሩ። አንድ በአንድ እየመጡ «አውፍ ብለናል፣ ዕዳውን ትተናል» አሉ። የሙያ ጓደኞቹ ግን እሺ አላሉም። የጀመራቸውን በርጩማዎች ተከፋፍለው፣ እግራቸውን አስተካክለው፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሰው ለየባለቤቱ አስረከቡ። አንድ ብር አልተቀበሉም። እኔ የእሱን ሙት ቀን የማስታውሰው በለቅሶው ብቻ አይደለም፤ በእነዚያ በርጩማዎችም ነው።

ከተዋጣው ገንዘብ የተረፈው በቤተሰቡ ፈቃድ፣ ከጎኑ ይተኛ ለነበረ ሌላ የእጥበት ታካሚ ተሰጥቷል። መጥረቢያውና መሮው አብሮት ለሚሠራው ልጅ ሆነዋል።

ያልጠራኋችሁ ብዙ ናችሁ፤ ቅር አይበላችሁ። እናታችን «ለሁሉም ድረስልኝ» ብለውኛል፤ ይኸው አድርሻለሁ። አላህ ኸይር ጀዛችሁን ይክፈላችሁ፤ ለእሱም ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቀው። አሚን።