ከቦሌ እስከ ላምበረት ስንት ነው?

ይድረስ ለሚመለከትዎ የትራንስፖርት ኃላፊ
ከደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከነብርዳችን ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንዲት የታክሲ ዋጋ ሰሌዳ ነው።

በቅርቡ ታናሽ እህቴ ከዓረብ አገር መጣች። አራት ዓመት ሠርታ። አውሮፕላኑ ቦሌ ያረፈው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እኔ ልቀበላት ወርጄ ኮተቤ ዘመድ ቤት አርፌ ነበር። እንቅልፍ ጣለኝ። እሷ ሦስት ሻንጣ በጋሪ እየገፋች ስትወጣ የሚጠብቃት ሰው የለም፤ ሲሟ የዚያው አገር ስለሆነ ስልኳም አይሠራም። አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው «እህቴ፣ ታክሲ?» ብሎ ጋሪውን ተቀበላት። ባጁ ተገልብጦ ጀርባውን ነበር የሚያሳየው። ይህን ያስታወሰችው ቤት ገብታ ቡና እየጠጣን ነው። ላምበረት መናኸሪያ ብትለው «3 ሺህ» አላት። ስትሄድ የምታውቀው ዋጋና የዛሬው አይገናኝም፤ ውድ ይሁን ርካሽ በምን ትወቅ? ከፈለች። በኋላ በራሴ ስልክ ለዚያው መንገድ በስልክ የሚጠራውን ታክሲ፣ የራይድን ግምት ባይ ሩቡን አይሞላም።

ላምበረት ስትደርስ ደግሞ በሩ ዝግ ነው። የእኛ መኪና የሚንቀሳቀሰው ሲነጋጋ ነዋ! ሾፌሩ ይህን እያወቀ «ደብረ ብርሃን ድረስ በኮንትራት ላድርስሽ» አላት። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባዶውን ስለሚመለስ የደርሶ መልስ ይጠይቃል። በዚህ እንኳ አልፈርድበትም። እሷ ግን ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ መንጋቱን ጠበቀች። እኔም እዚያው አገኘኋት። ምን እንዳለችኝ አልጽፍልዎትም።

አሁን የሚመጣ ዘመድ ሁሉ «በምን ልሂድ?» ይለኛል። ስልክህ ከሠራ ራይድ ጥራ እላለሁ። ኢንተርኔት ባይኖርህም 8294 ደውል፣ ወይም ፈረስ የሚባለውን ሌላውን የስልክ ታክሲ በ6090። የሾፌሩ ስምና ታርጋው ይታወቃል፣ ሂሳቡን የሚቆጥረው ስልኩ ነው። ጣጣው ሾፌሩ ደውሎ «ወዴት ነህ?» ካለ በኋላ መንገዱ ካልጣመው መሰረዙ ነው። መኪናው ያለበት ድረስ ጋሪ መግፋትም አለ። ስልክ ለሌለው፣ ዕቃ ለበዛበት፣ በሌሊት ለሚያርፍ ግን ቢጫው ታክሲ ይሻላል፤ ዋጋ ቆርጦ መግባት ነው። ዋጋ ለመቁረጥ ደግሞ ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሬ እዚህ ላይ ነው።

ከመውጫው በር አጠገብ አንድ ሰሌዳ ይሰቀልልን። በትልቁ፣ በአማርኛ፦ ወደ ላምበረት ይህን ያህል፣ ወደ ሌሎቹ መናኸሪያዎች ይህን ያህል፣ የሌሊት ይህን ያህል። ነዳጅ ሲጨምር ይስተካከል። ከሥሩ ሲም ለሌለው መንገደኛ ራይድ የሚጠራበት አንድ የጠረጴዛ ስልክ ይቀመጥ። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የቦሌ ማስፋፊያ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው። ለዚያ ሁሉ ሕንፃ አንድ ሰሌዳና አንድ ስልክ ምን አላት?

ነገ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ቢሾፍቱ ሊሆን ነው። ከአዲስ አበባ ወዲያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። ለመንዝ፣ ለአንኮበርና ለሸዋ ሮቢት ሰው መንገዱ ያን ያህል ይረዝማል። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ከበሩ ይነሣ ይሆን? አሁን ካልታሰበበት ያኔም «እህቴ፣ ታክሲ?» ባዩ ቀድሞን ይደርሳል።

የአክስቴ ልጅ በጥር ትመጣለች። በረራዋ እንደ እህቴው የሌሊት ነው። ሰሌዳዋ እስከዚያ ብትደርስ ደስ ይለኛል፤ እኔ እንደሆነ እንቅልፌን አላምነውም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደብረ ብርሃን ነዋሪ