ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ሄዷል፦ ከመስከረም በፊት የድጋፍ ጥሪ

ይድረስ ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ከዚህ ተነስታችሁ በከዚራ፣ በመጋላ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲና በዓረብ አገር ለምትኖሩ የድሬ ልጆች በሙሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ስንጽፍ ደክሞናል፤ አንደብቃችሁም። ለአንድ ትምህርት ቤት በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እጃችንን እንደዘረጋንባችሁ እናውቃለን። ደረሰኝ ይዘን በር ላይ ቆመን «ደግሞ መጣችሁ?» ያለን ጎረቤት አለ። ይህንኑ ተናግሮ ወደ ውስጥ ገባና ሃምሳ ብር ይዞ ወጣ። ዛሬም እሱን የመሰለ ሰው ተማምነን ነው የመጣነው።

የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ከአሥራ ሰባት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ማታ፣ ዝናቡ ሳይጀምር አቧራ ያዘለ ንፋስ ተነሳ። የድሬ የክረምት ንፋስ ሲመጣ ሰው በርና መስኮት ለመዝጋት ይሮጣል፤ እኛም እንደዚያው ቤታችንን ዘጋን። ዘበኛችን እንደነገረን ቀድሞ የተሰማው የሚስማር መነቀል ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እንደ ተኩስ ተከታተለ። ከስድስቱ ክፍሎች የአራቱ ጣሪያ ከነእንጨቱ ተነስቶ ሜዳው ላይ ወደቀ። ሲነጋ ቆርቆሮ ስንለቅም ዋልን። አንዱ ቅጠል መብራት ምሰሶ ላይ ልክ እንደ ነጠላ ተጠምጥሞ ነበር። ከ183 ቅጠል ቆርቆሮ ተቃንቶ ዳግም ሊመታ የሚችለው 61 ብቻ ነው። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ጠዋት ሆኖ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ክፍሎች ውስጥ የክረምት ትምህርት የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ይህን ስናስብ ከኮሚቴው አባላት መካከል እስከ አሁን እንቅልፍ ያልወሰደው አለ።

ለምን ተነቀለ ለሚለው መልሱን ከኛ ስሙት። ከወደቀው ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት) አንዱን አምጥተን በስብሰባችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ሚስማሩ እንጨቱ ላይ አለ፤ ቀጥ እንዳለ ነው፣ አልታጠፈም። የያዘው ነገር ስላልነበረ ዝም ብሎ ወጥቷል። ሞራሌው በግድግዳው አናት ካለው የኮንክሪት ማሰሪያ፣ ከቢሙ፣ ጋር በፌሮ ብረት መታሰር ነበረበት። ግንበኛው ቢሙ ሲሞላ ፌሮ እየቆረጥን እናስቀርለት ብሎን ነበር። ገንዘቡ በዚያ ሳምንት አልቆ ስለነበር «ሚስማር ይበቃል» ብለን ያሳለፍነው እኛ ነን። ግንበኛውን የምትወቅሱ ተዉት፤ ጥፋቱ የኮሚቴው ነው። በአዲሱ ሥራ እያንዳንዱ ሞራሌ በብረት ይታሰራል፣ ቆርቆሮውም ሳይመታ ማሰሪያውን መሐንዲስ ያየዋል።

ጣሪያውን የኛ ጥፋት እንላለን። ስለ ግንቡ ግን አንገታችንን አንደፋም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከጀርባችን በሚወርደው ደረቅ ወንዝ በኩል የድንጋይ ግንብ ስንገነባ ብዙ ሰው ተቆጣን። «ልጆቹ ጥላ ሳይኖራቸው 310 ሺህ ብር ለድንጋይ?» ተባለ። ድንጋዩን የሸጠልን የኮሚቴ አባል ዘመድ ነው የሚል ወሬም ወጣ፤ ደረሰኙን ለጥፈን ነው ያበረድነው። ውሳኔያችን ከየት እንደመጣ የድሬ ሰው አይጠፋውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ይዞ ሄዷል። ከደጋው የወረደ ውኃ ነው የፈጀን። ከኛ መካከል በዚያ ሌሊት እህቱን ያጣ አባል አለ፤ «ግንብ ሳይኖር ወንዝ ዳር ልጅ አላስቀምጥም» ብሎ ድምፅ የሰጠው መጀመሪያ እሱ ነው። በዚያች ሐሙስ ሌሊት ከንፋሱ በኋላ ጎርፉ መጣ። ሲነጋ ሄደን ስናይ ጭቃው እስከ ሦስተኛው የድንጋይ ረድፍ ድረስ ታትሟል፤ ደለሉ፣ የእሾህ ቅርንጫፉ፣ የአንድ ሰው ነጠላ ጫማ እዚያው ተከማችቷል። ከግንቡ ወዲህ ያለው መሬት ደረቅ ነበር። ስድስቱም ክፍሎች መሠረታቸው አልተነካም፣ ግድግዳው አልተሰነጠቀም፣ ሊሾውም እንዳለ ነው። ያ 310 ሺህ ብር ባይወጣ ኖሮ ዛሬ የምንለምናችሁ ለጣሪያ ባልሆነም ነበር።

በእጃችን ያለውን ደግሞ እንቁጠር። መሬቱ ካርታ ወጥቶለታል፤ እሱን ለማግኘት የተመላለስንበትን መንገድ ትተነዋል። ስድስት ክፍል ልስኑ አልቋል። ስምንት መቀመጫ ያለው መጸዳጃ ቤት የሴትና የወንድ ተለይቶ ተሠርቷል። የውኃ ታንከር ገብቷል። የሰፈሩ ወጣቶች አሸዋውን በነፃ አበጥረዋል፣ የባጃጅ ማኅበሩ ልጆች የአንድ ቅዳሜ ገቢያቸውን ሰጥተዋል፣ ሳምቡሳና ሻይ የምትሸጥልን እናታችን ለስምንት ወር በየሳምንቱ መቶ ብር አስገብታለች። የሷን ደረሰኞች በአንድ ላይ ሰፍተን አስቀምጠናቸዋል።

«ግብር እንከፍላለን፣ ትምህርት ቤት መሥራት የመንግሥት ነው» ለምትሉን፦ እውነት ነው። እኛም ይህንኑ ብለን ነው የጀመርነው። ስምምነቱ «እናንተ እስከ ቢም አድርሱ፣ ጣሪያውን እኛ» የሚል ነበር። እስከ ቢም አደረስን። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ተቀየረ፤ የመጣው ፋይሉ እንደ አዲስ ይጀመር አለ፤ እሱም ሳይጨርስ ተዛወረ፤ ሦስተኛው ደግሞ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ጊዜ የለም አለን። በዚያ መሐል ልጆቹ ዝናብና ፀሐይ ላይ ስለሆኑ ጣሪያውን ባለን ገንዘብ ራሳችን መታነው፤ ችኮላችንም ከዚያ የመጣ ነው። ሰባት ደብዳቤ ጽፈናል፤ የገቢ ማህተም ያረፈባቸው ግልባጮች ማየት ለሚፈልግ ክፍት ናቸው። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ዓመት ስለገባ ስምንተኛውን አስገብተናል። መልሱን እንጠብቃለን፤ መስከረም ግን አይጠብቀንም።

የከተማዋ ዕድገት ያመጣውን ጫናም አስቡት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ ገጠሩን ጨምሮ 341 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በመልካ ጀብዱ አዲሱ ባቡር ጣቢያ መጣ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ በ2014 ነፃ የንግድ ቀጠናው ተከፈተ። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ወደኛ አቅጣጫ ሰፈረ። የትላንት ሜዳ ዛሬ ግቢ ለግቢ ነው። ቢሮ ሄደን «የሰፈራችሁ ልጆች ስንት ናቸው?» ሲሉን ከወረቀት የምናሳየው ስለሌለን በእድራችን መዝገብ ቤት ለቤት ዞረን ቆጠርን። ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው የሚባለው። ልጆቻችን የሚሄዱበት የቅርቡ ትምህርት ቤት በሁለት ፈረቃ እያስተማረም በአንድ ክፍል ከሰማንያ በላይ ያስቀምጣል። የከሰዓቱ ፈረቃ የሚገባው ሙቀቱ በጠናበት ሰዓት ነው። አንዷን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ኒም ዛፍ ሥር አገኘናት፤ ወንበር ስለማይደርሳት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች፤ ላቧ ወረቀቱ ላይ እየነካ የእርሳሱ ጽሑፍ ይደበዝዛል። እያጠፋች ደግማ ትጽፋለች።

አንድ ሌላ ነገር ግልጽ ይሁን። ትምህርት ቤቱ «የእነ እገሌ ነው» የሚል ወሬ እየዞረ ነው። በከተማችን ስለ አርባ፣ አርባ፣ ሃያ (ለኦሮሞ፣ ለሶማሌና ለሌሎች ስለተባለው የሥልጣን ድርሻ) ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም፤ ወንበሩ እንዴት እንደሚከፋፈል ፖለቲከኞቹ ይነጋገሩበት። እዚህ ግን ሲሚንቶ የተሸከመው ሰው ማን እንደሆነ አልተጠየቀም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ለሚማሩ ልጆች ክፍል እንዲመደብ በቃለ ጉባኤ ወስነናል፣ የሦስቱም ወላጆች ተወካይ ኮሚቴው ውስጥ አለ። በምርጫ ሰሞን ትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ፎቶ ተነስተው የሄዱ አሉ፤ አንቃወምም፣ ግን ማንም በስሙ እንዲያስጠራው አንፈቅድም።

ዋጋውን በተመለከተ፦ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ የፌሮና የቆርቆሮ ዋጋ ያኔ ባሰላነው አልቆመልንም። አሁን ከሦስት ሱቅ ዋጋ አሰባስበን ለአራቱ ክፍሎች አዲስ ጣሪያ፣ ሁለቱ የቀሩት እንዲታሰሩ፣ ለኮርኒስና ለእጅ ዋጋ የሚያስፈልገው 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ብር ነው። በሂሳባችን ያለው 386 ሺህ ነው። የጎደለን 1 ሚሊዮን 64 ሺህ። ኮርኒሱ ለጌጥ ነው ያላችሁ ነበራችሁ፤ እባካችሁ አንድ ቀን በስምንት ሰዓት ባዶ ቆርቆሮ ሥር ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ።

ሙስሊሙ ወንድማችን፣ እህታችን፤ ምንዳው የማይቋረጠው ምጽዋት፣ ሰደቀተል ጃሪያ፣ ምን እንደሆነ እኛ አንነግራችሁም። ክርስቲያኑ ወገናችን፤ አሥራትህን ለደብርህ ስጥ፣ ከዚያ የተረፈህን ለልጆቹ አስብ። ሼሁም ቄሱም ባለፈው እሑድ አብረው መጥተው የወደቀውን አይተዋል፣ ሁለቱም ከኪሳቸው ሰጥተው ደረሰኝ ተቀብለዋል። ገንዘብ የሌለው ጉልበት ይስጠን፤ የተጣመመ ቆርቆሮ በመዶሻ ማቃናትም ሥራ ነው።

ስለ አከፋፈሉ በደንብ አንብቡ። ባለፈው ጥሪያችን የሂሳብ ቁጥሩ በቴሌግራም ተቀይሮ ተሰራጭቶ ሁለት ሰዎች ገንዘባቸውን ወደማናውቀው ሰው ልከዋል። ስለዚህ ቁጥሩን በዚህ ጽሑፍ አናወጣም። ትክክለኛው ቁጥር ያለው በሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በተለጠፈው ማህተም ባለበት ወረቀት፣ በእድሩ ጽሕፈት ቤት፣ እና እናንተ ራሳችሁ ስትጠይቁ በቀጥታ በሚሰጧችሁ የኮሚቴ አባላት እጅ። ሂሳቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም የተከፈተ ነው። በግለሰብ ስም የተከፈተ ቁጥር ከደረሳችሁ የኛ አይደለም፤ አትላኩ። ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ባንክ ሂሳብ ነው የምትልኩት፤ የኮሚቴ የቴሌብር ስልክ የሚባል የለንም። ውጭ ያላችሁ በባንክ በኩል ላኩ፤ በሰው እጅ አትላኩ፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም እኛ ደረሰኝ መቁረጥ አንችልም።

የላካችሁበትን ማረጋገጫ ለገንዘብ ያዡ አሳዩ፤ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። ደረሰኝ ሳይሰጥ የተቀበለ ሰው ካለ፣ የኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ ለእድሩ ዳኛ ንገሩ። የገባውና የወጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ በሩ ላይ ይለጠፋል፤ የመጀመሪያው ነሐሴ 1 ይወጣል።

እሑድ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ የቀሩትን 61 ቆርቆሮዎች እናቃናለን፣ የተሰበረውን እንጨት እናወጣለን። መዶሻና ጓንት ያለው ይዞ ይምጣ። ሻይ እዚያው ይፈላል። ስትመጡ በሩ ላይ ያለውን የሂሳብ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ ማህተሙ አብሮ መታየቱን እዩ።

የትምህርት ቤቱ ግንባታ አስተባባሪ ኮሚቴ
ድሬዳዋ