የቅሬው መዝገብ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው እዚያ ስለሚባለው ነው፤ ስለ ስድቡ፣ ስለ ሐሰቱ። እኔ የማነሣው ስለሚባልበት ቤት ነው። ቤቱ የማን ነው?

ደሴ ውስጥ የአንድ ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ወሎን ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ይቀባበርበታል። ጅዳና ዋሽንግተን የሚኖሩ የሰፈራችን ልጆች ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ታዋቂ መተግበሪያ ላይ ግሩፕ ከፈቱልን። መርዶው፣ ለታመመ የሚዋጣው፣ የሟች ፎቶ፣ የወዳጃ (በወሎ የተለመደው የጋራ ጸሎት) ሌሊት ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ገባ። ዓምና የአስተዳዳሪው አካውንት ተሰረቀ፤ በሳምንቱ ግሩፑ ተዘጋ። አቤት ብንል የመለሰልን ማሽን ነው። የቅሬ ዳኛ ቢበድለን ሽማግሌ እንልክበታለን፤ እምቢ ካለም በስብሰባ እናወርደዋለን። ወደዚያ ኩባንያ ማንን እንላክ? እናቴን የቀበርኩ ዕለት የተጻፉልኝ የማጽናኛ ቃላት እዚያ ቀሩ።

ካናዳዊው ምሁር ሃሮልድ ኢኒስ መገናኛ ዘዴ ወይ ወደ ጊዜ ወይ ወደ ርቀት ያደላል ይል ነበር። ብራና ከባድ ነው፤ ሩቅ ባይሄድም ዘመን ይሻገራል። ወረቀት ቀላል ነው፤ አገር ያዳርስና ቶሎ ያልፋል። ለዚህ ምስክር ቅርባችን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ ነው። ኋላ በፊልም ተነሥቶ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ ድረስ ተጉዟል፤ ብራናው ግን የገዳሙ ነው። የኩባንያ ገጽ ጅዳ በሰከንድ ይደርሳል፣ ዕድሜውን ግን ባለቤቱ ይወስናል። የጎግል ኩባንያ ማኅበራዊ ሚዲያ የነበረው ጎግል ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲዘጋ የተጠቃሚው የዓመታት ጽሑፍ አብሮ ተሰርዟል።

አሁን አንድ ወጣታችን ሰርቨር (ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ ጽሑፍና ፎቶ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር) ተከራይቶ ማስቶዶን ጫነልን። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ማንም በነፃ ወስዶ በራሱ ሰርቨር የሚያሠራው የማኅበራዊ ሚዲያ ፕሮግራም ነው። አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ደንብ ስለሚሠራ የእኛ ትንሽ ሰርቨር ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ይነጋገራል፤ ቅሬ ለቅሬ ለቅሶ እንደሚደርሰው። ማን ይግባ፣ ምን ይሰረዝ የሚለውን የምንወስነው እኛው በስብሰባችን ነው። ለእኔ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ልፋት አለው። ፕሮግራሙን የሚያድስ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ልጁ ነገ ሥራ አግኝቶ ቢሄድስ? ስለዚህ የሰርቨሩን ኪራይ ከድንኳኑና ከድስቱ ወጪ ጋር በአንድ መዝገብ አስገብተን ሁለተኛ ልጅ እያሠለጠንን ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴ ኔትወርክ በጠፋባቸው ሳምንታት ደግሞ የራስ ሰርቨርም አይደርስልንም ነበር፤ ማን እንዳለፈ ያወቅነው ከቅሬው የወረቀት ደብተር ነው። አሁን በየወሩ የሰርቨሩን መርዶዎች አትሜ ደብተሩ ላይ እለጥፋለሁ።

እናንተም የሐዘን መግለጫዎችንና የአንባቢ ደብዳቤዎችን በማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችሁ ላይ ብቻ አታስቀምጡብን። በራሳችሁ ሰርቨር ይኑሩ፤ አንድ ቅጂም ደሴ ላለ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።

የቅሬ ጸሐፊ፣ ከደሴ